የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሽንት ማምለጥን በሴንሰር እንዴት መከታተል ይቻላል

የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ሽንት የሚያመልጣቸው ሁልጊዜ ፊኛቸው ስለደከመ አይደለም፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ጠፍቶባቸው፣ ቀበቶ መፍታት አቅቷቸው ወይም ሽንታቸው እንደመጣ መናገር ተስኗቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሴንሰር፣ ማለትም ሽንት መፍሰሱን ወይም ፊኛ መሙላቱን ለይቶ በደወል የሚያሳውቅ መሣሪያ፣ ከመግዛት በፊት ሐኪም ማማከር ይቀድማል። በተለይ ችግሩ በድንገት የጀመረ ከሆነ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ለደም ግፊት የሚወሰድ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን መንስኤው ሊሆን ይችላል፤ በሕክምና የሚስተካከለውን በመሣሪያ መከታተል ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ መሣሪያውን ይምረጡ። አንሶላ ሥር የሚነጠፈውም ሆነ ዳይፐር ላይ የሚያያዘው ሴንሰር የሚያስታውቀው ሽንቱ ከፈሰሰ በኋላ ነው። እንደ ጃፓኑ ዲፍሪ ያሉት ደግሞ ከእምብርት በታች ተደርገው በአልትራሳውንድ የፊኛውን መሙላት ስለሚለኩ አስቀድመው ያሳውቃሉ፤ ይሁን እንጂ ሰውነቱ ላይ የተለጠፈውን ነገር ሁሉ እየነቀለ ለሚጥል ታማሚ ምንጣፉ ይሻላል።

ደወሉ መጮኽ ያለበት በአስታማሚው ክፍል እንጂ በታማሚው አልጋ አጠገብ አይደለም፤ ምንነቱ ያልገባው ሰው በሌሊት ደንግጦ ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ማታ ማታ ይብራ።

አሁን ዋናው ሥራ ይጀምራል። ለ3 ቀንና ሌሊት ደወሉ የጮኸበትን ሰዓት፣ ታማሚው የጠጣውንና የበላውን ጨምረው ይመዝግቡ። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ደወል በሰማ ቁጥር አንሶላ ሲቀይር ይከርማል፤ የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ግን ሰዓቱን ማሳወቁ ነው። ሦስቱንም ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ከጮኸ፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቀስቅሶ ወደ መጸዳጃ ቤት መውሰድ ይሞከራል፤ ሲቀሰቀሱ የሚረበሹ ከሆነ ግን እንቅልፋቸውን ባይነኩት ይመረጣል። ሲወስዷቸውም «ሽንት አምልጦዎታል?» ከማለት «እማማ፣ ይምጡ፣ ትንሽ እንንቀሳቀስ» ማለት ክብራቸውን ይጠብቃል።

ሽንት ይቀንሳል ብሎ ውኃ መከልከል ስሕተት ነው፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ የውኃ እጥረትም ግራ መጋባቱንና የሆድ ድርቀቱን ያብሳል። ከማታው ላይ የሚቀነሰው ቡናና ሻይ ነው።

ደወሉ አልጮኸም ማለት ታማሚው በሽንት አልረጠበም ማለት ስላልሆነ፣ ቆዳው መቅላቱንና መላጡን በየዕለቱ በዓይን ያረጋግጡ፤ ላብ ብቻውን ሊያስጮኸው፣ የላላ ሽቦ ደግሞ ዝም ሊያሰኘው ይችላል። መረጃው ወደ ስልክ የሚላክ ከሆነ ማን እንደሚያየው ቤተሰቡ አስቀድሞ ይወስን፤ ታማሚው መረዳት በሚችለው መጠን ይነገረው፣ እምቢ ካለም አይገደድ። መድኃኒት በተቀየረ ወይም መኖሪያ በተለወጠ ጊዜ የድሮው ሰዓት ስለማያገለግል፣ የ3 ቀኑ ምዝገባ ከመጀመሪያው ይደገማል።