ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ስፌቱ ጠይቁ

ትልቁ አንጀቴ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ለቀዶ ሐኪሜ ያዘጋጀሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ጠባሳው ምን ያህል ይሆናል?» ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ጠባሳውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስፌቱ ግን በየሌሊቱ ይቀሰቅሰኛል።

እናንተም ትልቁን አንጀት በሚያቆስለው በአልሰራቲቭ ኮላይቲስ በሽታ ምክንያት ከትንሹ አንጀት ጫፍ የሰገራ ማጠራቀሚያ የሚሠራላችሁ ከሆነ እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ «ከፊንጢጣዬ ጋር የሚያገናኙት በእጅ ሰፍተው ነው ወይስ በስቴፕለር (በሽቦ በሚያያይዝ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ)?»

ፓርክስና ኒኮልስ የተባሉ የቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ላይ ይህን ቀዶ ሕክምና ይፋ ሲያደርጉ ስፌቱ የእጅ ነበር። በዚህ መንገድ ፊንጢጣ በመሣሪያ ተለጥጦ ይያዛል፤ የውስጡ ስስ ሽፋንም ይላጣል። መለጠጡ እኛ ሳናስበው ዘግቶ የሚይዘውን ጡንቻ ሊያደክመው ይችላል። ሽፋኑ ደግሞ የመጣው ጋዝ ይሁን ፈሳሽ ለይቶ የሚነግረን ነው። በስቴፕለር ሲሆን ከዚህ ሽፋን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በቦታው ይቀራል፤ ሌሊት ሰገራ የማምለጡ ነገርም በአብዛኛው ይቀንሳል። በነጻ ግን አይደለም፤ የቀረው ሽፋን ሊቆጣ ስለሚችል በካሜራ ክትትል ያስፈልገዋል።

የእኔ በእጅ ነው የተሰፋው። ታችኛው ክፍል ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ሴሎች ስለተገኙ ሽፋኑን መተው አልተፈለገም። በውሳኔው አልቆጭም። የቆጨኝ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠዋት አንሶላው ላይ ሳንቲም የምታህል ቡናማ እድፍ እያየሁ ቀዶ ሕክምናው የተበላሸ መስሎኝ አለቀስኩ።

ስለ ማጠራቀሚያው ቅርጽም ጠይቁ። የተለመደው የጄ (J) ቅርጽ ነው፤ የኤስ (S) ቅርጽ መውጫ ቱቦው ከረዘመ ማስወጣት ያስቸግራል። በወሊድ ጊዜ የተቀደዳችሁ እናቶች ሳታፍሩ ተናገሩ፤ የጡንቻችሁ ጥንካሬ አስቀድሞ መለካት አለበት። ሐኪሙ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሠሩም ጠይቁ። ቅር ካላቸው ይበላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ሥራ ነው፦ እራት በጊዜ መብላት፣ ከመተኛት በፊት የዚንክ ቅባት መቀባት፣ ሐኪም ካዘዘ ሎፔራማይድ የተባለውን የተቅማጥ ማስታገሻ መውሰድ። ቀይ ወጥ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም እንደሚያቃጥል እወቁ። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ማጠራቀሚያው እየሰፋ፣ ምልልሱም እየቀነሰ ይሄዳል። እኔ አሁን ቀን አምስት ጊዜ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ ነው የምሄደው። ጥቁሯ ፎጣ ግን ዛሬም ከአንሶላው ሥር ናት።