ግራስሆፐር ላይ ሴትባክ ስትሠሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ አርክቴክት ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ያለ ነው፤ በሁለት በኩል መንገድ አለው። ግራስሆፐር (ራይኖ በተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ ቅርጽን በስክሪፕት የምንሠራበት መሣሪያ) ላይ የሠራው ስክሪፕት ንጹሕ ነው፣ ስህተት የሚጠቁም ቀይ የበራ ነገር የለም። ኤንቨሎፑ፣ ማለትም ሕንፃው ማለፍ የማይችለው ክልል፣ አምሮ ወጥቷል። ግን ከመንገድ በኩል መለቀቅ ያለበት ርቀት፣ ማለትም ሴትባኩ፣ የተለቀቀው በጎረቤት በኩል ነው። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ጎኖችን በቁጥር መጥራት

የቦታውን ወሰን ኤክስፕሎድ ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ወደየጎኑ ትበትኑታላችሁ። አራት መስመር ይወጣል፤ 0፣ 1፣ 2፣ 3። ስክሪኑን ስታዩ መንገዱ ያለው 0 ላይ ነው። ከዝርዝር ውስጥ አንዱን በቁጥር በሚመርጠው ሊስት አይተም ላይ 0 ትሰጣላችሁ፣ በመንገድ በኩል የሚለቀቀውን 5 ሜትር ታያይዛላችሁ፣ ሥራው ይቀጥላል።

0 ግን መንገድ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የተሰመረው መስመር ማለት ነው፣ በቃ። ነገ ቀያሹ የተስተካከለ ነጥብ ይልካል። ወሰኑን እንደገና ስታሰምሩ ከሌላ ማዕዘን ትጀምራላችሁ። ያኔ 0 ጓሮ ይገባል፤ 5 ሜትሩም ተከትሎት ይሄዳል። ሶፍትዌሩ ትንፍሽ አይልም። የተባለውን አድርጓላ!

እኔም ከዓመታት በፊት ሠርቼዋለሁ። ጂ+4 መኖሪያ ቤት ነበር። ወሰኑ በመሀል ተቀይሮ ነበር፤ ጎኖቹን መልሼ አላየሁም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፕላን ሠራንበት። ደረጃውም መግቢያውም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳስረዳቸው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን መንገዱ ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ታዲያ መኪናው በየት በኩል ይገባል?» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ሐፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የሳቸውን ጊዜና ገንዘብ ነበር ያቃጠልኩት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የመንገዱን መሀል መስመር ለብቻው አስገቡ። የእያንዳንዱን ጎን አጋማሽ ነጥብ ወስዳችሁ ወደዚያ መስመር ያለውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ ከመንገዱ ግማሽ ስፋት ጋር ከተቀራረበ ያ ጎን ፊት ነው። «በጣም የሚቀርበው» ብላችሁ አንድ ብቻ አትምረጡ፤ ጥግ ላይ ያለ ቦታ ሁለት ፊት አለው።

አንድ ኦፍሴት ለሁሉም

ኦፍሴት ከርቭ፣ ማለትም ወሰኑን በተሰጠው ርቀት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ትእዛዝ፣ ለሁሉም ጎን አንድ ርቀት ነው የሚሰጠው። የፊቱ፣ የጎኑና የኋላው ሲለያይ እያንዳንዱን ጎን ለብቻ ወደ ውስጥ አንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ከሁለቱ አጎራባቾቹ ጋር አገናኙት። መስመሮቹን ዳር እስከ ዳር አርዝሞ ቦታውን መቁረጥ አራት ማዕዘን ላይ ይሠራል። ኤል ቅርጽ ባለው ቦታ ላይ ግን ሊሠራበት የሚችለውን መሬት አብሮ ይበላዋል። አቅጣጫውንም እመኑት አልልም፦ ከርቩ (የወሰኑ መስመር) የተሰመረበት አቅጣጫ ከተገለበጠ ኦፍሴቱ ወደ ጎረቤት ይወጣል። ስፋቱ ከወሰኑ ማነሱን ሁልጊዜ አወዳድሩ።

የካርታው ነጥቦች

ካርታ ላይ ያሉት የማዕዘን ነጥቦች በአዲንዳን (ካርታው የሚለካበት መነሻ)፣ ዩቲኤም ዞን 37 (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ መረብ) ነው የሚጻፉት። አዲስ አበባ ውስጥ ኤክሱ 470 ሺህ አካባቢ፣ ዋዩ ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር ነው። ሁለቱን አገላብጣችሁ ካስገባችሁ ቦታው እንደ መስታወት ምስል ይዞርባችኋል። አስቸጋሪው ነገር ስፋቱ አይለወጥም። ካርታው 250 ካሬ ካለ ሞዴሉም 250 ይላል። ስለዚህ ስፋት ብቻ አይታችሁ «ልክ ነው» አትበሉ፤ ቅርጹን ከካርታው ሥዕል ጋር አስተያዩ።

ከስልክ ጂፒኤስ ወይም ከሳተላይት ምስል የወሰዳችሁትን፣ በሌላ መነሻ (ደብሊውጂኤስ 84) የተለካ ነጥብ ከካርታው ጋር አትቀላቅሉ። ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። ሰፈር ትቀይራላችሁ።

እነዚያን ትልልቅ ቁጥሮች እንዳሉ ይዞ መሥራትም ችግር ነው። ራይኖ ላይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ መቁረጥና ማጣመር ያለ ምክንያት እምቢ ይላል። ሬቪት የተባለው የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌር ደግሞ ከውስጥ መነሻው ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሞዴል አይፈልግም። አንዱን ማዕዘን 0,0 አድርጉና የቀነሳችሁትን ቁጥር ፓነል (የግራስሆፐር የጽሑፍ ሳጥን) ላይ ጻፉ። የቀያሹ የመጨረሻ ነጥብ የመጀመሪያው ድግግሞሽ እንዳይሆንም እዩ፤ ርዝመት የሌለው አምስተኛ ጎን ይወልዳል።

ከአጥር መለካት

አጥር ወሰን አይደለም። መንገዱ ሊሰፋ ታቅዶ ከሆነ መጀመሪያ የሚነሳውን መሬት ቁረጡ፣ ኦፍሴቱን ከዚያ በኋላ ሥሩ። መስመሩም የሚለቀቀው ርቀትም ከፕላን ስምምነቱ (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ከሚገልጸው ሰነድ) ነው የሚወሰደው እንጂ ካለፈው ፕሮጀክት ፋይል አይደለም።

ግድግዳው ወፍራም ነው

የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት መሀሉን ሴትባኩ ላይ ካስቀመጣችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ውጭ ነው። ልስኑ ይጨመርበታል። ውጫዊ ፊቱን ያዙ።

መሬቱን ጠፍጣፋ ማድረግ

ይህች ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ቁልቁል የወረደች ናት። 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ በመቶ 10 ካዘነበለ፣ ከፊትና ከኋላው መካከል 2 ሜትር ልዩነት አለ። የወለል ከፍታ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ማለት ነው። ከፍታውን ከዜሮ ወደ ላይ ኤክስትሩድ ከማድረጋችሁ (ቅርጹን ስባችሁ ከማቆማችሁ) በፊት፣ ከየትኛው ነጥብ እንደሚለካ ፈቃድ ከሚሰጠው ባለሙያ በግልጽ ጠይቁ። የቀያሹን ከፍታ ነጥቦችም ከመጀመሪያው አስገቡ፤ ካለቀ በኋላ ማስገባት ሁሉንም ያፈርሳል።

ፀሐይን ከፈረንጅ ፋይል መቅዳት

ለጎረቤት ብርሃን ብላችሁ ኤንቨሎፑን በፀሐይ ጨረር የምትቆርጡ ልጆች አሉ፤ ደስ ይለኛል። ግን ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ስክሪፕት ፀሐይን በደቡብ በኩል ብቻ ነው የሚያስበው። እኛ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነች። ሁለቱንም ወገን ቁጠሩ።

ያን ላፕቶፑን ይዞ የመጣ ልጅ ከመሸኘቴ በፊት የማደርገውን ፍተሻ አሳየሁት። የወሰኑን ከርቭ ሲም (መስመሩ የሚጀምርበትን ነጥብ) ወደ ሌላ ማዕዘን አዙሩት። ከዚያ ከርቩን አንዴ ፍሊፕ አድርጉት፣ አቅጣጫውን ገልብጡት ማለት ነው። ቦታው ያው ቦታ ስለሆነ ኤንቨሎፑ ንቅንቅ ማለት የለበትም። የሱ መጀመሪያ ተገለባበጠ። ሁለቱን መንገዶች አስገብቶ ጎኖቹን በርቀት እንዲለይ ካደረገው በኋላ ግን ሲሙን አራቱም ማዕዘን ላይ አዞረው፤ 5 ሜትሩ ከመንገዱ ጋር ቀረ።