ለረጅም በረራ የቢዝነስ ክላስ አማራጮችን እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

ቢዝነስ ክላስ ለመቁረጥ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው አየር መንገድ ይሻላል?" ብሎ ነው። ችግሩ አንድ አየር መንገድ በአንድ ስም የሚሸጠው መቀመጫ ብዙ ዓይነት መሆኑ ነው። ኳታር ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ኪውስዊት የተባለ ባለ በር መቀመጫ በብዙዎቹ ቦይንግ 777 እና ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖቹ ላይ አለ፤ በኤ380ዎቹ ላይ ግን የለም። ኤምሬትስም በኤ380 እያንዳንዱን መንገደኛ መተላለፊያ ዳር ሲያስቀምጥ፣ ባልታደሱት 777ዎቹ ላይ መሃል ላይ ሦስት መቀመጫ ይደረድራል። ዋጋው ተቀራራቢ፣ ስሙ አንድ፣ ሌሊቱ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብዎ በዚያ ቀን፣ በዚያ የበረራ ቁጥር የሚነሳውን አውሮፕላን ነው።

መጀመሪያ የመኝታ ሰዓቱን ያስሉ

ለቢዝነስ ክላስ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በዋናነት የሚገዛው ጋደም ብሎ መተኛትን ነው። ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከማየትዎ በፊት በረራው ስንት ሰዓት እንደሚያስተኛዎ ይገምቱ።

የ7 ሰዓት የሌሊት በረራ እንውሰድ። አውሮፕላኑ ተነስቶ የቀበቶው ምልክት እስኪጠፋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። እራት ቀርቦ ሳህኑ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ተኩል። ከማረፉ በፊት መብራት በርቶ ቁርስ ሲታደል፣ መቀመጫም ሲቀና ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል። የሚቀረው 3 ሰዓት ተኩል ነው። በ11 ሰዓት በረራ ግን ያው ተቀንሶ 7 ሰዓት ተኩል ይተርፋል።

አሁን ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንደኛው የ6 እና የ7 ሰዓት ሁለት በረራዎች አሉት፤ ሁለተኛው የ2 እና የ11 ሰዓት። በአየር ላይ የሚቆዩት በሁለቱም 13 ሰዓት ነው። በአንደኛው ግን 2 ሰዓት ተኩል ተኝተው ይነሱና ትራንዚት ላይ ሻንጣ እየጎተቱ ቆይተው እንደገና 3 ሰዓት ተኩል ይተኛሉ። በሁለተኛው አንድ ሙሉ ሌሊት አለ። በቢዝነስና በኢኮኖሚ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ለእነዚህ ሰዓታት ያካፍሉት፤ ርካሽ የመሰለው ቲኬት አንዳንዴ በሰዓት ሲሰላ ውድ ሆኖ ይገኛል።

በረራው ሙሉ በሙሉ የቀን ከሆነና በቀን እንቅልፍ የማይወስድዎ ከሆነ፣ ፕሪሚየም ኢኮኖሚን (ከኢኮኖሚ የተሻለ፣ ከቢዝነስ ያነሰ ደረጃ) ቢያስቡበት አይቆጭዎትም።

አውሮፕላኑን ይለዩ

ጎግል ፍላይትስ ላይ በረራውን ሲከፍቱት የአውሮፕላኑ ዓይነትና የመቀመጫው ሁኔታ ተጽፎ ይገኛል፤ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ፣ ዘንበል ብሎ የሚዘረጋ ወይም የግል ክፍል እያለ ይለያል። ዘንበል የሚለውን ይጠንቀቁ። መቀመጫው ቢዘረጋም አልጋው ተዳፋት ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግር በኩል ሲንሸራተቱ ያድራሉ።

"በሌላ አየር መንገድ የሚበር" የሚል ጽሑፍ ካለም አይለፉት። ቲኬቱን የሸጠልዎ አንዱ፣ የሚያበርዎ ሌላው ሊሆን ይችላል፤ መቀመጫውም አገልግሎቱም የሚያበርዎ ነው።

ሁለት ተመሳሳይ አማራጮች ካሉዎት ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350ን ያስቀድሙ። አካላቸው በአብዛኛው ከካርቦን ውህድ የተሠራ በመሆኑ የውስጡን የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አድርገው ማቆየት ይችላሉ፤ በቆዩት አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። አየሩም ያን ያህል አይደርቅም። ከረጅም በረራ በኋላ ጉሮሮ ሲደርቅና ራስ ሲከብድ ልዩነቱ ይታወቃል።

የመቀመጫ ካርታውን ማንበብ

የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ካርታ ይልቅ እንደ ኤሮሎፓ ባሉ የመቀመጫ ካርታ ድረ ገጾች ላይ ያሉት ዝርዝር ንድፎች የበለጠ ያሳያሉ። መጀመሪያ የሚታየው አደራደሩ ነው፤ ቁጥሮቹ በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ያሉትን መቀመጫዎች፣ ሰረዙ መተላለፊያውን ያሳያል። 1-2-1 ማለት ማንም ሰው ማንንም ሳይሻገር መተላለፊያው ላይ ይወጣል ማለት ነው። 2-2-2 ከሆነ መስኮት ዳር የተቀመጠው በሌሊት ለመውጣት የተኛ ጎረቤቱን መሻገር አለበት፤ ባልና ሚስት ለሚጓዙ ግን እንዲያውም ይመቻል። ሉፍታንዛ እ.ኤ.አ. በ2024 አሌግሪስ የተባለውን አዲሱን ካቢን ማስገባት ቢጀምርም በሌሎች አውሮፕላኖቹ ላይ ይህ የቆየው አደራደር አለ። 2-3-2 ላይ መሃል መቀመጥን ለጠላትም አልመኝም።

1-2-1 ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። በአንዳንድ ካቢኖች መቀመጫዎቹ አንድ ረድፍ ወደ መስኮት፣ አንድ ረድፍ ወደ መተላለፊያ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። ወደ መስኮቱ የተጠጋው ጠረጴዛው በመተላለፊያው በኩል ስለሚጋርደው ከሰው ዓይን የራቀ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ክንዱን ይነካካል። ይህ በመስኮት ዳር መቀመጫዎች ብቻ ሳይሆን በመሃሎቹም ላይ ነው፤ አንዱ ረድፍ ሁለቱን መንገደኞች ያቀራርባል፣ ሌላው ያራርቃል። ብቻዎን ሆነው የማያውቁት ሰው ትከሻ አጠገብ እንዳያድሩ የረድፉን ቁጥር ይዩ።

ሌላው የማይወራለት ነገር የእግር ማስገቢያው ነው። ብዙ መቀመጫዎች ሲዘረጉ እግር የሚገባው ከፊት ባለው መንገደኛ ጠረጴዛ ሥር ወዳለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። በጎን ለሚተኛና ጉልበቱን ለሚያጥፍ ሰው ይህ ከአልጋው ርዝመት በላይ ወሳኝ ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ማስገቢያ አለው፤ ማዕድ ቤቱ ወይም ሽንት ቤቱ ከግድግዳው ጀርባ ከሆነ ግን በጫጫታ ይከፍሉበታል። ስለ መቀመጫ በር ብዙ ይወራል። እኔ ብመርጥ በር የሌለውን ሰፊ የእግር ቦታ እመርጣለሁ።

ዋጋው ውስጥ ምን አለ?

እዚህ ላይ ቲኬቶች ስማቸው አንድ ሆኖ ይዘታቸው ይለያያል። ኤምሬትስ፣ ኳታርና ፊንኤር እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ላውንጅ (አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያለ የመቆያ ሳሎን) የማያስገቡ ወይም ሌላ ጥቅም የተቀነሰባቸው ርካሽ የቢዝነስ ዋጋዎችን አውጥተዋል። መቀመጫው ያው ነው። ረጅም ትራንዚት ከሌለዎት አትራፊ ናቸው፤ ሌሊቱን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያሳልፉ ከሆነ ግን አይሆኑም። ከመክፈልዎ በፊት ላውንጅ፣ መቀመጫ መምረጥ፣ ቀን መለወጥና ገንዘብ መመለስ ይፈቀዳሉ ወይ የሚለውን ያጣሩ። ሻንጣም ይለያያል፦ አንዳንዶቹ ሁለት ሻንጣ እያንዳንዱን እስከ 32 ኪሎ፣ ሌሎቹ ደግሞ በጥቅል 40 ኪሎ ይላሉ።

የቲኬት መፈለጊያ ድረ ገጾች "ቢዝነስ" ብለው ረጅሙን በረራ በኢኮኖሚ፣ አጭሩን በቢዝነስ ቀላቅለው ሊያሳዩ ይችላሉ። እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ ከፍተው ያንብቡ። በአውሮፓ ውስጥ የሚደረግ አጭር በረራ ደግሞ ቢዝነስ ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ የኢኮኖሚ መቀመጫ ሆኖ አጠገብዎ ያለው ወንበር ባዶ መተዉ ብቻ ነው። ለዚያ ብዙ አይጨምሩ።

ደርሶ መልስ ከአንድ መንገድ ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ ስላለ ሁለቱንም ይሞክሩ። ከሌላ ከተማ መነሳት ዋጋውን በእጅጉ ሊቀንሰው ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን በረራ ዘለው ከመሃል ልሳፈር ቢሉ የቀረው ቲኬት ይሰረዛል። ምግብና ፊልም? ሁሉም ደህና ናቸው፣ ውሳኔዎን አያስቀይሩ።

ከቆረጡ በኋላ

አየር መንገዶች አውሮፕላን ይቀይራሉ። ቲኬቱን ከቆረጡ በኋላ በየጊዜው፣ በተለይ በመጨረሻው ሳምንት፣ የመቀመጫ ካርታውን መልሰው ይክፈቱ። የመረጡት ቁጥር ከጠፋ ወይም ረድፎቹ ከተለወጡ አውሮፕላኑ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ቶሎ የደወለ የተሻለውን ቦታ ያገኛል።

ቢዝነስ ከፍለው ኢኮኖሚ ቢያስቀምጡዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261 ገንዘብ ያስመልሳል። ከኅብረቱ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ እንዲሁም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ ለሚገባ በረራ ይሠራል። በአብዛኛው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ጉዞ የሚመለሰው የዚያ በረራ ዋጋ 75 በመቶ ነው፤ መከፈል ያለበትም በ7 ቀን ውስጥ ነው። በመሳፈሪያው በር ላይ ማይልስ (የበረራ ነጥብ) ወይም ቫውቸር ቢሰጥዎ ከመፈረምዎ በፊት ደንብ 261ን ይጥቀሱ፤ የመሳፈሪያ ወረቀቱንም አይጣሉ።