መንገድ ላይ እየኖራችሁ የካምፐራችሁን (የምትኖሩበትን የቤት መኪና) ላሜራ እንዴት ታበሩታላችሁ

ፖሊሽ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፣ ላሜራው ክሊር ኮት (ላዩ ላይ የተቀባ ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን) አለው ወይስ ባዶ አሉሚኒየም ነው? እኔ ይሄን ሳላጣራ ጀምሬ አንድ ሙሉ ቀን ከንቱ ፈትጌያለሁ። አይታይም የምትሉት ጥግ ላይ ትንሽ የብረት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ እሹበት፣ ጨርቁ ወዲያው ከጠቆረ ባዶ ነው (ጥቁሩ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፣ ከላሜራው ላይ የተነሳ አሉሚኒየምና ኦክሳይድ ነው)። ካልጠቆረ ኮት አለው፣ እሱ እጥበትና ዋክስ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ፖሊሽ ኮቱን ያበላሸዋል እንጂ ብረቱ ጋር አይደርስም።

ባዶ ቢሆንም አትቸኩሉ። ብዙ የድሮ ካምፐሮች የተሰሩበት አልክላድ የሚባለው ላሜራ መሃሉ ጠንካራ ቅይጥ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ በጣም ስስ የንፁህ አሉሚኒየም ሽፋን አለው፣ እንደ መስታወት የሚያበራውም ከመበላት የሚከላከለውም እሱ ነው፣ በፈተጋችሁት ቁጥር ይሳሳል። ለዛ ነው ዋናው ስራ እጥበት ነው የምለው።

ውሃ ስለማይተርፈን 2 ባልዲ ይበቃል፣ አንዱ ሻምፖ ያለው አንዱ ማለቅለቂያ። ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ፣ ላሜራው ከጋለ ሻምፖው ደርቆ ምልክት ይተዋል። ፊት ለፊት የደረቁትን ነፍሳትና የወፍ ኩስ አትፋቁ፣ እርጥብ ፎጣ 10 ደቂቃ ለጥፉበትና ራሱ ይለቃል። ሻምፖው የመኪና ይሁን፣ በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ የምድጃ ማፅጃ በፍፁም!! አልካሊ አሉሚኒየም ይበላል። የእቃ ማጠቢያ ሽቦም ተዉት፣ የሚተወው የብረት ብናኝ እዛው ይዝግና ላሜራውንም ያስበላዋል። ከዛ ወዲያው በማይክሮፋይበር አድርቁ፣ በተለይ ሪቬቶቹ (ላሜራውን የያዙት የብረት ምስማሮች) ዙሪያ ውሃ ይቀመጣል። ባህር ዳርቻ ካደራችሁ ወይም ጨው የተበተነበት መንገድ ከነዳችሁ በዛው ቀን የታችኛውን ጠርዝ በንፁህ ውሃ አለቅልቁ፣ ጨው በኮቱ ስንጥቅ ከገባ ከስር እንደ ትል ዱካ የተጠማዘዘ መስመር እየሰራ ይሄዳል፣ እሱን ማስቆም ከባድ ነው።

ፖሊሹ ላይ ስንመጣ፣ ሙሉውን በአንዴ ልጨርስ አትበሉ፣ በቀን አንድ ፓኔል ይበቃል እኛ እዚሁ ነው የምንኖረው። መስኮት ዝጉ፣ ጎማና ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ ጥቁሩ ነገር ሁሉም ቦታ ይገባል። ፖሊሽ ትንሽ ብቻ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየያዛችሁ የላሜራውን መስመር ተከትላችሁ ወደፊት ወደኋላ እሹ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የሚቀረውን ጥቁር ቅባት የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ በንፁህ ጨርቅ ስታብሱት ይዞት ይወጣል፣ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ስራው ግማሽ ቀለለልኝ። መጨረሻ ላይ ስስ ዋክስ።

መገጣጠሚያ ላይ የተሰነጠቀ ማሸጊያ ካያችሁ ደግሞ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትጠቀሙ፣ የሚለቀው አሲድ ላሜራውን ይጎዳል፣ ፖሊዩሪቴን የሚባለውን የማሸጊያ አይነት ግዙ።