የተለያዩ ፍቅረኞችን ከዓመታት በኋላ የሚያገናኝ «ክፍል ሁለት» ፊልም እንዴት ይጻፋል?

የፍቅር ፊልም ክፍል ሁለት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው፣ ጸሐፊው በመሃል ያለፉትን ዓመታት ባዶ ስለሚተዋቸው ነው። ሁለቱ ሰዎች ትናንት የተለያዩ ይመስል ይገናኛሉ፣ ይላቀሳሉ፣ ይታረቃሉ። ተመልካቹ ግን እነዚያን ዓመታት ራሱም ኖሯቸዋልና አያምናቸውም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ታሪኩን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ለሚያደርግ ጸሐፊ የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ መብቱንና ተዋንያኑን ጨርሱ። ክፍል አንድን የጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። የቃል እሺታ አይበቃም፤ በጽሑፍ ይሁን። ዋና ተዋንያኑ ካልተመለሱ ደግሞ እኔ ብሆን ሥራውን አልጀምረውም። በሪቻርድ ሊንክሌተር ሁለት የፍቅር ፊልሞች፣ «ቢፎር ሰንራይዝ» (እ.ኤ.አ. 1995) እና «ቢፎር ሰንሴት» (እ.ኤ.አ. 2004) መካከል ዘጠኝ ዓመት አለ፤ በታሪኩም ዘጠኝ ዓመት ነው። ዋና ተዋንያኑ ኤታን ሆክና ጁሊ ዴልፒ በእውነት በዕድሜ ገፍተው ስለተመለሱ ፊታቸው ብቻ ብዙ ገጽ ንግግር ያስቀራል። ሁለቱ ተዋንያን በሁለተኛው ድርሰት ላይም ተሳትፈዋል። እናንተም ተዋንያኑን ጠርታችሁ «ይህቺ ሴት እስከዛሬ እንዴት የኖረች ይመስልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ የጠፉትን ዓመታት ጻፉ። ለእያንዳንዳቸው ለብቻ፣ ዓመት በዓመት። ማን ሞተባቸው? ስንት ቤት ተከራይተው ለቀቁ? ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው ወይስ አሁንም እየቆጠቡ ነው? ቤይሩት ወይም ጂዳ ደርሶ የተመለሰ አለ? አብዛኛው ፊልሙ ውስጥ አይገባም፤ ግን ንግግራቸው ከየት እንደሚመጣ የምታውቁት ከዚህ ነው። ጎን ለጎን የከተማዋንም ዓመታት አስቀምጡ። ክፍል አንድ በ2004 ዓ.ም. ከሆነ የቃሊቲው ቀላል ባቡር ገና አልነበረም፤ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ነው። ባለ 200 ብሩ ኖት የመጣው በ2013፣ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ደግሞ በ2015 ነው። የጤፍ ማሳ የነበረው ቦታ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። እነዚህን በጥንቃቄ ከያዛችሁ «ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ስክሪን ላይ መለጠፍ አያስፈልጋችሁም።

ሴቷ በመሃል ሌላ ሰው አግብታ ከሆነ ባሏን ክፉ አታድርጉት። ቀላሉ መንገድ እሱ ነው፤ ባል ይደበድባል፣ የድሮው ፍቅረኛ ያድናታል። እንዲህ ሲሆን ምርጫ የሚባል ነገር አይኖርም። ባሏ ደህና ሰው ይሁን፤ ማታ ደክሞት ገብቶ የልጁን የቤት ሥራ የሚያይ። ያኔ ነው የምትመርጠው ነገር የሚከብዳት።

መገናኛውን ትዕይንት ትንሽ አድርጉት። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ የምትሄድ ሚኒባስ አስቡ። እሷ ልጇን ታቅፋ መሃል ላይ ተቀምጣለች። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል ቦርሳዋን ትከፍታለች። «ያንቺ ተከፍሏል» ይላታል። ማን እንደከፈለ ለማየት ስትዞር ኋላ ወንበር ላይ እሱ አለ። በክፍል አንድ ሳንቲም ለቃቅሞ የሁለት ሰው ይከፍል የነበረው ልጅ፣ አሁን 200 ብር ሰጥቶ መልስ እየጠበቀ ነው። ታክሲው ሙሉ ነው፣ ሰው ይሰማል፣ ልጇ ያያል፤ ስለዚህ «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት ሌላ የምትለው የላትም። ከዚያ በኋላ ያለው በአወራረዳቸው ይታወቃል። እሷ መውረጃዋ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ካለች እየሸሸች ነው። እሱ መውረጃው አልፎት ዝም ካለ ሊያነጋግራት ፈልጓል።

ትልቁን ንግግር ለብቻቸው አትስጧቸው። በዳርቻ ሰፈር ሁለት ሰው ተገልሎ የሚያወራበት ቦታ ብዙም የለም፤ ይህ ለጸሐፊ በረከት ነው። ጎረቤት ቡና ጠርታ ኮሪደር ላይ አስቀምጧቸው። ጎረቤቷ «ማነው እሱ?» ስትል «የድሮ ሰፈሬ ልጅ ነው» ትበላት። አቦሉ ሲቀዳ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያውሩ። ከዚያ እሱ ሳያውቅ «እማማስ ደህና ናቸው?» ይበል። እናቷ ሞተዋል፤ ለቅሶ አልደረሰም። ከመለያየታቸው ይልቅ ይህ ነው እሷን የሚያማት፤ ሰው ሁሉ ሲመጣ በር በሩን አይታ ነበርና። ቶናው እስኪያልቅ እሱ ማስረዳት ይሞክር፣ አይሳካለት። በረካው ላይ ጎረቤቷ ምጣዷን ልታይ ትግባ፣ ሁለቱ ለደቂቃዎች ብቻ ይቅሩ። እዚህ ጋ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አትጻፉ። ወደ ምልሰትም (ያለፈውን ወደሚያሳይ ትዕይንት) አትሂዱ፤ ካሜራው ፊታቸው ላይ ይቆይ።

ቀረጻውን እያሰባችሁ ጻፉ። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚነገር ነገር በዝናቡ ድምፅ ይዋጣል። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ያምራል፣ ግን ፀሐይዋ ቶሎ ስለምትጠልቅ ረጅም ትዕይንት አትጣሉበት።

በመጨረሻ ክፍል አንድን ላላየ ሰው አስነብቡት። ጮክ ብሎ ያንብብ፣ እናንተ ዝም በሉ። ለቅሶው ጋ ሲደርስ «ለምን አልመጣም?» ብሎ ከጠየቀ ስክሪፕቱ በራሱ እግር ቆሟል። «እነዚህ ሰዎች ግን ምን ነበሩ?» ካለ ደግሞ ወደ ሁለተኛው እርምጃ ተመለሱና የጎደለውን ዓመት ፈልጉ።