ከሚያታ ወደ ካይማን ስትሻገሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማዝዳ ሚያታ ነድቶ የጠገበ ሰው ቀጥሎ የሚመኘው ብዙ ጊዜ ፖርሽ ነው። በተለይ ካይማን። ምክንያቱ ይገባኛል። ሁለቱም ባለሁለት ወንበር ናቸው። ሁለቱም ጉልበታቸውን በኋላ ጎማ ያወጣሉ። ሁለቱም በማኑዋል ካምቢዮ ይገኛሉ። እዚህ ቨርጂኒያ ከሐበሻ ልጆች ጋር ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ መኪና የሚወድ ሰው ካለ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደዚሁ ይመጣል።

የማወራው ስለ ሁለት የተወሰኑ መኪኖች ነው። አንዷ ከ2019 ወዲህ የወጣችው ሚያታ ናት። ሞተሯ 2.0 ሊትር፣ ጉልበቷ 181 ፈረስ፣ ክብደቷ ወደ 1,060 ኪሎ። ሌላዋ ከ2013 እስከ 2016 የተሸጠችው፣ 981 የሚሏት ካይማን ናት። ባለስድስት ሲሊንደር 2.7 ሊትር ሞተር፣ 275 የፈረስ ጉልበት፣ 1,310 ኪሎ። ከሌላ ስፖርት መኪና ወደ ሌላ ለሚሻገርም አብዛኛው ይሠራል።

ሰው “መኪና አወዳደርኩ” ሲል፣ ብዙ ጊዜ ያወዳደረው መኪናውን አይደለም። አዲስ ጎማን ከደረቀ ጎማ፣ የለመደውን ከማያውቀው ጋር ነው ያወዳደረው። ስህተቶቹ አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ጎማውን ሳያዩ መፍረድ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሚያታችሁ ላይ ያለው ጎማ ባለፈው ዓመት የገባ ነው እንበል። ልትሞክሯት የሄዳችሁት ካይማን ግን ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍና የምትውል ልትሆን ትችላለች። የጎማው ጥርስ ሙሉ ነው። ታጥቦ ያብረቀርቃል። ዕድሜው ግን ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ላስቲኩም ደርቋል። ኩርባ ላይ ይጮኻል፣ ይንሸራተታል፣ መሪው ላይም ምንም ስሜት አይመጣም። እናንተም “ፖርሽ ፖርሽ የሚሉት ይሄንን ነው?” ብላችሁ ትመለሳላችሁ።

የጎማ ዕድሜ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም። ጎኑ ላይ “ዶት” ተብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ። 3518 ካለ፣ በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ቁጥሩ ወደ ውስጥ በዞረው ጎን ይሆናል። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ሱሪ ይታጠባል።

አራቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት መሆናቸውንም አረጋግጡ። ሚያታ ላይ አራቱም ጎማ እኩል ስፋት ስላለው ፊትና ኋላ እያቀያየራችሁ እኩል ትጨርሷቸዋላችሁ። ካይማን ላይ ግን የፊቱ 235፣ የኋላው 265 ነው። መቀያየር የለም። የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። ባለቤቱም ሁለቱን ብቻ ይቀይራል፣ አንዳንዱ ያገኘውን ርካሽ ጎማ ያስገባል። ፊቷ ጥሩ ጎማ፣ ኋላዋ ተራ ጎማ ያላት መኪና ደግሞ ጠባይዋ አይታመንም። እንዲህ ያለችውን ነድቶ ስለ ካይማን መናገር አይቻልም።

ብርዱንም አትርሱ። ስፖርት መኪና ላይ የሚገባው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ይጠነክራል፤ መያዙንም ይቀንሳል። ሚያታዋን በሐምሌ ሙቀት፣ ካይማኗን በኖቬምበር ጠዋት የሞከረ ሰው ያወዳደረው የአየር ጠባዩን ነው። የጎማ አየር ደግሞ መኪናዋ ሳትነዳ፣ በቀዝቃዛው ይለካል። ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት ታትሞ ይታያል።

የወረቀት ቁጥር ላይ መጣበቅ

ከዜሮ እስከ 60 ማይል የሚባለውን ውሰዱ። የአሜሪካ የመኪና መጽሔቶች ሲለኩ የመጀመሪያዋን አንድ ጫማ፣ 30 ሳንቲሜትር ገደማ፣ አይቆጥሩም። ልማዱ የመጣው ከድራግ ውድድር ነው። ይህ ብቻውን 0.2 ወይም 0.3 ሰከንድ ያሳጥራል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የሚለካው እስከ 100 ኪሎሜትር ነው፤ 60 ማይል ግን 96.6 ኪሎሜትር ብቻ ናት። የአንዷን ቁጥር ከመጽሔት፣ የሌላዋን ከፋብሪካ ወስዶ “በግማሽ ሰከንድ ትቀድማለች” ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ክብደትም እንደዚያው። ፖርሽ አውሮፓ ውስጥ ሁለት ቁጥር ያወጣል። አንዱ ባዶዋን ነው። ሌላው ለሹፌርና ለዕቃ 75 ኪሎ ይጨምርበታል። ካይማን 1,310 ኪሎም 1,385 ኪሎም ተብላ ብታዩ የተሳሳተ የለም።

ጉልበት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ የሚቀርብ ስለሆነ። ሁለቱም መኪኖች ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የላቸውም። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል፤ በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፣ የሚያታ 181 ፈረስ ወደ 140 ይወርዳል። ዴንቨር ያላችሁም 1,600 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ይሰማችኋል። ከ2016 በኋላ የመጣችው ካይማን፣ 718 የምትባለው፣ በመደበኛ ሞዴሏ ባለአራት ሲሊንደር ተርቦ ሞተር ስላላት እንዲህ አይነካትም። ስለዚህ 718ን ከአሮጌዋ ጋር ኮሎራዶ ተራራ ላይ ብታወዳድሯቸው ውጤቱ ከቨርጂኒያው ይለያል። (አገር ቤት ወስጄ እሞክራታለሁ ለሚል፦ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ ያ በር ተዘግቷል።)

አዲሷን በአሮጌዋ ልማድ መንዳት

ሚያታ ሞተሯ ከፊት ነው። ክብደቷ ፊትና ኋላ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መልኩ ተከፍሏል። ኩርባ ስትገባ ታጋድላለች። ማጋደሏን ብዙ ሰው እንደ ድክመት ያየዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምወድላት እሱን ነው። ምን ያህል እንደቀራችሁ ትነግራችኋለች። ጎማው ሊለቅ ሲል አስቀድሞ ይሰማችኋል፣ ሲለቅም ቀስ ብሎ ነው።

ካይማን ሞተሯ ከወንበራችሁ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ተቀምጧል። ከባዱ ነገር መሃል ላይ ስለተሰበሰበ መሪውን ስታዞሩ ወዲያው ትታዘዛለች። ብዙም አታጋድልም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፦ ፍጥነቱ አይታወቃችሁም። ሚያታ ላይ “በቃኝ” የምትሉበት ፍጥነት እዚህ የቤተክርስቲያን መንገድ ይመስላል። ገደቡ ርቆ ነው ያለው። ስትደርሱበት ግን የማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም።

ከሚያታ ይዛችሁት ከምትመጡት ልማድ ሁሉ አደገኛው ኩርባ መሃል ላይ ደንግጦ ነዳጅ መልቀቅ ነው። እግራችሁን ስታነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። የኋላዋ ተሽቀንጥሮ ይወጣል። ሚያታ ላይም ይሄ አለ፣ ግን ማረሚያ ጊዜ ይኖራችኋል። ካይማን ላይ ፍሬናችሁን ቀጥ ባለው መንገድ ጨርሱ፤ ኩርባው ውስጥ ነዳጁን በስሱ ያዙት። ካልተለማመዳችሁ ደግሞ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን አታጥፉ። ሙዚቃው ደስ ስላለ የምትነካ ቁልፍ አይደለችም።

ማርሹም ያሳስታል። ሚያታ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሯ ቀይ መስመር፣ ማለትም የተፈቀደለት የመጨረሻ ዙር፣ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ 60 ማይል አካባቢ ነው። ካይማን በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ወደ 80 ማይል ትጠጋለች። ከተማ ውስጥ በሚያታ ልማድ ሦስተኛና አራተኛ ስታስገቡ ሞተሩ ዝቅተኛ ዙር ላይ ይቀራል። ከዚያ “ሰነፍ ናት፣ ሚያታዬ ትሻላለች” ይባላል። ሰነፏ እሷ አይደለችም። አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጉ።

ዘይቷንም ታገሱ። ሚያታ ከ5 ሊትር ያነሰ ዘይት ነው የምትይዘው። ካይማን ከ7 ሊትር በላይ ትይዛለች፣ ለመሞቅም ጊዜ ትፈልጋለች። የውሃው ሙቀት ቶሎ ይወጣል፤ እሱን አይቶ ሞተር የሚያስጮኽ ሰው ይሳሳታል። የዘይቱ ሙቀት ዳሽቦርዱ ላይ ለብቻው ይታያል። እሱን ጠብቁ።

የማይሆን መንገድ ላይ ማወዳደር

ከዲሲ አካባቢ ሰው መኪና ሊሞክር ሲያስብ ወደ ስካይላይን ድራይቭ ይሄዳል። 105 ማይል የሚሆን የተራራ መንገድ፣ ውብ ነው። የፍጥነት ገደቡ ግን 35 ማይል ነው። እዚያ ሚያታ ጣሪያዋን ገልጣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስትጫወት ትውላለች። ካይማን እዚያው አሰልቺ ናት፣ ገና አልነቃችም።

አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሚያታ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ስልክ ማውራት አይቻልም፣ የነፋሱ ድምፅ ይበልጣል። ካይማን ፊትም ኋላም ሻንጣ መያዣ አላት፤ ዲሲ ተነስታችሁ አትላንታ ዘመድ ጥየቃ ብትሄዱ ወገባችሁ አያማርራችሁም።

“እንግዲያው ፈጠን ብዬ ልሞክራት” የሚል ካለ የቨርጂኒያን ሕግ ይወቅ። ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከገደቡ በ20 ማይል መብለጥ፣ ተራ የፍጥነት ቅጣት አይደለም። ‘ሬክለስ ድራይቪንግ’ ተብሎ የወንጀል መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ላላለቀለት ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ራዳር ጠቋሚ መሣሪያውም ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነው።

ሁለቱን በትክክል ማወዳደር የምትፈልጉ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ በኮን መሃል የሚነዳበትን አውቶክሮስ ሞክሩ። ሰፋ ያለ ቦታ ካማራችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ፤ አብዛኛው የመወዳደሪያ ሜዳ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም።

ሳያስመረምሩ መግዛት

ካይማን ስትገዙ ሞተሩን ኮፈን ከፍቶ ማየት የለም። ተሸፍኖ ነው ያለው። “እኔ መኪና አውቃለሁ” የሚለው የአጎት ልጅ እዚህ ብዙ አይጠቅማችሁም። ፖርሽ የሚሠራ መካኒክ ጋር ወስዳችሁ አስመርምሩ።

ካስመረመራችሁ ደግሞ የሞተሩን የኮምፒውተር መዝገብ አስወጡ። ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ የዞረበትን ጊዜ ሁሉ ከ1 እስከ 6 በደረጃ ከፍሎ ይመዘግባል። ዝቅተኞቹ ደረጃዎች ላይ ቁጥር ቢኖር አያስደነግጥም፣ ቀይ መስመሩን ነክቷል ማለት ነው። ከፍተኞቹ ላይ ካለ ግን አንድ ሰው አምስተኛን ፈልጎ ሦስተኛ አስገብቷል። የጀማሪ ልጅ መኪና ነበረች ማለት ነው።

ወሬ ሰምቶ መፍራትም አለ። “ፖርሽ ሞተሩ ይፈነዳል” የሚባለው ከ1997 እስከ 2008 የነበሩት ሞተሮች ውስጥ ባለች አንዲት ኩሽኔታ ምክንያት ነው። በ2009 ሞተሩ እንደ አዲስ ሲሠራ ያቺ ኩሽኔታ ቀርታለች። 981 ላይ የለችም። ርካሽ ያገኛችሁት የድሮ ቦክስተር (ጣሪያዋ የሚከፈተው የካይማን እህት) ላይ ግን ልትኖር ስለምትችል ተቀይራ እንደሆነ በደረሰኝ ጠይቁ።

ወጪው ላይ ብዙ አልቆይም። የኋላ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ከሚያታ ይበልጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ካውንቲው በየዓመቱ በመኪናችሁ ዋጋ ልክ ግብር ያስከፍላችኋል። ኢንሹራንሱን ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

አሮጌዋን ቸኩሎ መሸጥ፣ አዲሷን ቸኩሎ መቀየር

የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ማንም መኪና አያውቅም። ወይ በፍቅር ታውሯል፣ ወይ አሮጌዋ ናፍቃዋለች። ማቆሚያ ቦታና አቅም ካላችሁ ሚያታዋን እስከ ክረምቱ መግቢያ አቆዩአት። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ አንዷን ጠዋት ሌላዋን ከሰዓት ንዷቸው። ሰርግ ቤት በር ላይ የምታምረው የትኛዋ እንደሆነች ሰዎች ይነግሯችኋል፤ “ሚያታ የሴት መኪና ናት” የሚልም አይጠፋም። ነድቷት አያውቅም፣ እለፉት።

በዚያው ጊዜ ካይማኗን እንደ ሚያታ ለማድረግ ብላችሁ ሞላ አታሳጥሩ፣ ቸርኬ አታስለውጡ። ቨርጂኒያ መንገድ ላይ በየሰፈሩ ጉብታ አለ። ገንዘቡ እጃችሁን ካሳከካችሁ ለጎማ አላይመንት አውሉት። መሪዋ ቀጥ ሲል የሚመጣው ለውጥ ብዙ ሰው በሺህ ዶላር ሞላ የሚፈልገው ነው።