ከመረቡ እስከ ጣሳው፦ ከአየር የተገኘ የመጠጥ ውሃን በንጽሕና መያዝ

ክረምት ላይ የደሴውን የጦሳ ተራራ የሚሸፍነው ጉም ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው፤ በመረብ ሊያዝ ይችላል። ሞቃትና እርጥብ አየር ባለበት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን አየሩን አቀዝቅዞ ውሃ ያንጠባጥባል። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ጥራቱ ነው። ክሎሪን ስለሌለው፣ ጀርም አንዴ ከገባበት የሚመክትለት ነገር የለም። ማዕድንም የለውም ማለት ይቻላል፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድም ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 5.6 ሊወርድ፣ ማለትም ውሃው አሲድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውሃ ደግሞ የነካውን ብረት ይበላል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከያዛችሁ የቀረው ሥራ ምክንያቱ ግልጽ ይሆንላችኋል።

መረቡና አሸንዳው

ለጉም የሚሆነው ለችግኝ ጥላ የሚዘረጋው የፕላስቲክ መረብ ነው፤ 35 በመቶ ጥላ የሚሰጠው፣ በድርቡ። ነፋሱ ከሚመጣበት ፊት ለፊት ወጥሩት፤ የታችኛው ጠርዙ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በጥሩ ቦታ አንድ ካሬ ሜትር በጉማም ቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ይሰጣል። ከፍታው ለንጽሕናም ይጠቅማል፦ ፍየል አይደርስበትም፣ ጭቃም አይረጭበትም። ከማድቤት አርቁት፤ የኩበት ጭስ ጥላሸቱን መረቡ ላይ ይተዋል። በአጠገቡ ባለ ማሳ ጸረ ተባይ በሚረጭበት ሰሞን የመረቡን ውሃ ፈጽሞ አትጠጡ፤ ርጭቱ ካበቃ በኋላ መረቡን አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ።

በጋውን ሙሉ አቧራና የወፍ ኩስ እዚያው ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ ጉሙ ሳይጀምር፣ መረቡን በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ እጠቡ። የመጀመሪያውን ሌሊት ውሃ በሙሉ ለጓሮ አትክልት አውሉት። ከዚያም በኋላ ጉም ለቀናት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የመጀመሪያውን ግማሽ ሊትር ድፉ። ይህን በእጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ከአሸንዳው ወደ ሮቶው በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ቁልቁል የሚወርድና ጫፉ በሚፈታ ክዳን የተዘጋ ሌላ ቱቦ ቀጥሉ። ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ እሱን ይሞላል፤ ሲሞላ የኋለኛው ወደ ሮቶው ያልፋል። ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በአንድ ሜትር ርዝመት 8 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ ለ16 ካሬ ሜትር መረብ ይበቃል። ክዳኑ ከእያንዳንዱ ጉም በኋላ ተከፍቶ ካልተራገፈ ግን ቱቦው እንደሞላ ይቆይና የሚቀጥለው ቆሻሻ በላዩ አልፎ ሮቶ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

አሸንዳውም፣ ቱቦውም፣ ቧንቧውም ፕላስቲክ ይሁን። በቆርቆሮ ላይ የተለበጠው ዚንክ በዚህ ውሃ ይሟሟል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ የናስ ቧንቧና በእርሳስ የተበየደ መጋጠሚያ ነው፤ እርሳስ በጣዕምም በመልክም አይታወቅም፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው።

ማሽኑ

ለማሽን የኮምቦልቻ፣ የከሚሴና የባቲ ሙቀት ከደሴ ብርድ ይሻለዋል። አየሩ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ማቀዝቀዣው ላይ በረዶ ይጋገራል፤ እርጥበቱ ከ35 በመቶ ካነሰም የሚወርደው ውሃ እዚህ ግባ አይባልም።

የሚቀመጥበትን ክፍል አስቡበት። ማሽኑ የሚስበው አየር የያዘውን ሽታና ጭስ ውሃው ይወስደዋል። ቡና በሚቆላበት፣ በርበሬ በሚታመስበት፣ እጣን በሚጨስበት ክፍል ከሆነ፣ ወሎ ቤት ደግሞ ቡናውም እጣኑም አይጠፋም፣ የከሰል ማጣሪያው ከጊዜው ቀድሞ ያልቃል። የጄኔሬተር ጭስ በሚደርስበት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

የአየር ማጣሪያውን በበጋ በየ15 ቀኑ፣ በክረምት በየወሩ በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ጥላ ውስጥ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት፤ እርጥብ ማጣሪያ ይሻግታል። ጠብታው የሚያርፍበትን ሳህን በየሳምንቱ አጽዱ፦ በ1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና አድርጉ፣ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ አለቅልቁት። በረኪና ማቀዝቀዣውን ራሱን እንዳይነካ፤ መዳቡንና አልሙኒየሙን ይበላዋል። ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋርም ከቶ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

የከሰል ማጣሪያ በየ6 ወሩ ይቀየራል፤ ካለፈበት የጀርም መራቢያ ይሆናል። ጀርም የሚገድለው የዩቪ መብራት ወደ 9,000 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ዓመት ያህል ይሠራል። ከዚያ በኋላም ሰማያዊ ሆኖ መብራቱን ስለሚቀጥል ብዙ ሰው ይታለላል፤ ብርሃኑ ይታያል እንጂ የመግደል አቅሙ ደክሟል። የገባበትን ቀን ማሽኑ ላይ ጻፉ። ኤሌክትሪክ ከአንድ ቀን በላይ ከጠፋ ታንከሩ ውስጥ የቆመውን ውሃ ድፉ፤ መብራት ሲመለስ ታንከሩን አጥባችሁ ጀምሩ።

ከኤሲ የሚንጠባጠበውን ውሃ አትጠጡ። አሠራሩ ቢመሳሰልም ኤሲው ለመጠጥ ውሃ ተብሎ አልተሠራም፤ ሻጋታውም ብረቱም አብሮ ይወርዳል።

ሮቶና ጀሪካን

ማጠራቀሚያው ክዳን ያለው፣ ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን፤ ብርሃን ከገባ አረንጓዴ አልጌ ይበቅልበታል። የአየር መውጫው 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይሸፈን፤ በቆላው የወባና የደንጊ ትንኝ እንዲህ ያለ ውሃ ይፈልጋሉ። የጸረ ተባይ ወይም የነዳጅ ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም።

ግድግዳው በእጅ ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ጀርም ተጋግሮበታል። ክሎሪን በዚያ ውስጥ ሰርጎ ስለማይገባ መጀመሪያ በብሩሽ ፈግፍጉ። ጀሪካንን በጠጠር መናጥ ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም ለጀርም መደበቂያ ይሆናል፤ አንድ እፍኝ በቆሎና ሳሙና ይሻላል። ከዚያ በውሃ ሞልታችሁ በየሊትሩ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ፤ ለ1,000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር ማለት ነው። 24 ሰዓት አቆይታችሁ ድፉና አለቅልቁ። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ አድርጉ። ዕቃን በወይራ ማጠን ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል፤ ይህን ሥራ ግን አይተካም።

ለሚጠጣው ውሃ መጠኑ ፍጹም ሌላ ነው፦ ለ20 ሊትር ጀሪካን 1 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና። ሽቶና ቀለም የሌለው ይሁን፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለኩት፤ በጥብጣችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ካላችሁ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሙ። በረኪና በፀሐይና በጊዜ ብዛት ስለሚደክም ጨለማ ቦታ አስቀምጡት።

ክሎሪን ከሌለ አፍሉ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ሁሉ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ማዋል ለጠራራ ቀን 6 ሰዓት ይበቃዋል፤ ነገር ግን ጉም በሚይዝበት ወቅት ፀሐይዋን አታገኟትም፣ አትተማመኑበት።

የታከመውን ውሃ አፈ ጠባብ ዕቃ ውስጥ አኑሩ፤ እየደፉ ወይም በቧንቧ ይቀዳ፣ ጣሳ አይጥለቅበት። የማዕድን መጠን የሚለካው ትንሽ ሜትር ጀርምን አያይም፤ የሚጠቅመው ብረት መሟሟቱን ለመጠርጠር ነው። ቀድሞ 10 ያነብ የነበረው ሜትር 80 ካለ ቱቦና መጋጠሚያውን መርምሩ። ክሎሪኑን በመመርመሪያው ኪት ለኩ፦ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። ምንም ካልቀረ ውሃው ውስጥ ክሎሪኑን የጨረሰ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፤ እንደገና ጨምሩ፣ ዳግመኛም ከጠፋ ድፉትና ሮቶውን ክፈቱ።